ስለ ሰፊው መምቻና ስለ አንዲት ወረቀት

ብዙ ዓመት ባስተማርሁበት ጊዜ፣ ደንብ ተጥሶ ሰው ሲበደል ብቻ ሳይሆን ደንብ ሳይጣስም ባልንጀራ ሲበደል አይቻለሁ። በዳዩ ሲጠየቅ «አልተከለከለም» ይላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነት የሆነ ቃል ሁሉ በቂ ምክንያት አይሆንም። ይህንን ለማስረዳት በእንግሊዝ አገር በ1771 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በእጅ የተጻፈች አንዲት አጭር ወረቀት ትበቃኛለች።

ወረቀቲቱ የምትናገረው ስለ አንድ የሬይጌት ከተማ ሰው፣ ስለ ክሪኬት ተጫዋቹ ስለ ቶማስ ኋይት ነው። ክሪኬት ማለት አንዱ ኳስ ሲወረውር፣ ሌላው ከበስተኋላው የተተከሉትን እንጨቶች በመምቻ እየጠበቀ፣ ኳሱንም አርቆ መትቶ በመሮጥ ነጥብ የሚያገኝበት ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን የሚተከሉት እንጨቶች ሁለት ነበሩ። በ1744 የወጣው ደንብ የዒላማውን ስፋት 6 ኢንች፣ ማለት 15 ሳንቲሜትር ያህል፣ አድርጎት ነበር። ስለ መምቻው ስፋት ግን አንዳች አልተናገረም።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1771 የቸርትሲ ቡድን ከሃምብልደን ቡድን ጋራ ሲጋጠም፣ ኋይት የዒላማውን ያህል የሰፋ መምቻ ይዞ እንደ ገባ ይተረካል። ዒላማው ሁሉ ከተሸፈነ ወርዋሪው ምን ይመታል? ሆኖም ኋይት የጣሰው ደንብ አልነበረም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሃምብልደኖች በ1 ነጥብ ብልጫ አሸነፉ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ላሸነፈ ሰው ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ወይም ለሚቀጥለው ግጥሚያ እርሱም ሰፊ መምቻ አስጠርቦ መምጣት ይችላል። በእኛም አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ምክር አለ። እነዚህ ሰዎች ግን ሴፕቴምበር 25 ቀን ወረቀት ጽፈው፣ የመምቻ ስፋት ከእንግዲህ ወዲህ 4¼ ኢንች ይሁን አሉ። ስማቸውን ያኖሩባት ሦስት ናቸው፤ አለቃቸው ሪቻርድ ናይረን፣ ፈጣኑ ወርዋሪ ቶማስ ብሬት፣ የታወቀውም መቺ ጆን ስሞል። ስሞል መቺ እንደ መሆኑ፣ ወሰኑ በገዛ መምቻውም ላይ የሚጸና ነበር።

የወረቀቲቱን ቃል ሳስተውል ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ያልተጻፈባት ነገር ነው። ኋይትን አታላይ አትለውም፤ ቅጣትም አትጠይቅበትም። የሆነውን ጠቅሳ ለወደፊቱ ልክ ታበጃለች እንጂ። ቀዳዳውን ደፈነች፤ ሰውየውን ተወችው። ኋይትም ከዚያ በኋላ ለሰሪ አውራጃ ሲጫወት ኖረ። ልኩም በ1774 በተሻሻለው ደንብ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

እንዲህ ባለ ርኅራኄ መጻፋቸው ለምን እንደሚበጅ ከአራት ዓመት በኋላ ታየ። በ1775 በሎንዶን በተደረገ ግጥሚያ ያው ጆን ስሞል ሲከላከል፣ ኤድዋርድ ስቲቨንስ የሚባል ብርቱ ወርዋሪ የወረወረው ኳስ ሦስት ጊዜ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ሾልኮ አለፈ። እንጨቶቹ ስላልተነኩ ስሞል ከጨዋታው አልወጣም፤ ቡድኑም አሸነፈ። ስሞልም እንደ ኋይት የጣሰው ደንብ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ በመካከል ሦስተኛ እንጨት ተጨመረ። እንግዲህ ትናንት በሌላው እጅ ቀዳዳውን ያየ ሰው ዛሬ በሌላ ቀዳዳ ራሱ ተጠቀመ። ቀድሞ ኋይትን ሰድቦ ቢሆን ኖሮ ስድቡ ወደ ራሱ በተመለሰ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ደንብ ሲያወጣ ቂሙን የሚወጣበት አያድርገው፤ በቀዳዳው ላይ ይጻፍ እንጂ በሰው ላይ አይጻፍ። በደንብ ሥር የሚኖር ሰው ደግሞ «ተከልክሏልን?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «ሁሉ ሰው እኔ እንደማደርገው ቢያደርግ ጨዋታው ይቀራልን?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ በእውነት የሚመልስ ሰው፣ የመምቻውን ስፋት ሌላ እስኪለካለት ድረስ አይጠብቅም።