የበርክሌ ቤትና የአዋሽ አጥንቶች ዜና መዋዕል

አንድ አምላክ በሚሆን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። በኦክላንድ ከተማ አፕታውን በሚባለው ሰፈር የምኖር እኔ ጸሐፊው፣ የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ልጆች ያደረገውን በጎ ሥራ፣ የረዱትንም ፋውንዴሽኖች ዜና እጽፋለሁ። ከአፕታውን የሚነሣው የቴሌግራፍ ጎዳና ወገኖቻችን እንጀራና ቡና በሚሸጡባቸው ቤቶች መካከል ወደ ሰሜን አልፎ ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ይቆማል። በዚህ መንገድ ዕለት ዕለት የሚመላለሰው ወገን ብዙ ነው፤ በመጨረሻው ያለው ቤት ለአገሩ ምን እንደሠራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነውና ይህን ለመጻፍ ልቤ ተነሣ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጌአለሁ፤ የፈረንጆቹ በሆነ ጊዜ እንዲያ ብዬ እናገራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የፕሮፌሰር ዴዝሞንድ ክላርክ ነገር ይነገር። ትውልዳቸው ከእንግሊዝ አገር ነው። ጣልያን ከአገራችን በተባረረበት ጦርነት ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋራ በሶማሊያና በኢትዮጵያ አገለገሉ፤ ወታደርም ሆነው የጥንት ሰው የሠራውን የድንጋይ መሣሪያ ከማጥናት አልተለዩም። በፈረንጆች 1954 ስለ አፍሪካ ቀንድ ጥንታዊ ዘመን ትልቅ መጽሐፍ አወጡ፤ በዚያው አቆጣጠር በ1961 በበርክሌ መምህር ሆኑ። የአፍሪካ ጥንት በአፍሪካ ልጅ ሊጠና የተገባ መሆኑን ከተረዱት መምህራን አንዱ ናቸው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በአፋር ምድር በሐዳር የጥንቷ ድንቅነሽ አጽም ተገኘ። በዋዜማው ሌሊት በአዲስ አበባ ደርግ ያስገደላቸው የስድሳው ባለሥልጣናት ደም ፈስሶ ነበር፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። የድንቅነሽን ዜና ሌሎች አስፍተው ጽፈውታልና አልደግመውም። ይህን ብቻ እላለሁ፤ ወደ ኦሃዮ ተወስዳ ዓመታት ቆየች፣ የተመለሰችው በፈረንጆች 1980 ነው። በዚያ ጊዜ በአገራችን ቅሪተ አካል የሚጠናበት በቂ ቤት አልነበረምና።

በ1974 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ፕሮፌሰር ክላርክ በበርክሌ ባልደረባቸው ከሆኑት ከፕሮፌሰር ቲም ኋይት ጋራ ወደ መካከለኛው አዋሽ ወረዱ።  ገንዘቡን የሰጠ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። ይህ ፋውንዴሽን የሚሰጠው ከሕዝብ ግብር ነውና በኦክላንድ ታክሲ የሚነዳው ወገናችንም ዛሬ ድርሻ አለው። ፋውንዴሽኑ ለጉዞው ስንቅ ብቻ ሰጥቶ አልተወም፤ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ቅሪተ አካል የሚጸዳበትና የሚጠናበት ቤተ ሙከራ እንዲቆም ረዳ። ከተሰጠው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። የጉዞ ስንቅ በአንድ በጋ ያልቃል፤ ቤቱ ግን ቆሞ አጥንቱን በአገሩ አስቀረ፣ ሊያየው የሚወድ የውጭ ሊቅም ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ አደረገ።

በፈረንጆች 1982 በቅርስ ሕግ ምክንያት መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎችን ከመስክ አገደ። ብዙ ዘመን ቁፋሮ አልሆነም።

በዚያ ወራት ግን በበርክሌ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የጎንደር ተወላጅ የሆኑት ብርሃኔ አስፋው በእነ ክላርክና በእነ ኋይት እግር ሥር ይማሩ ነበር። ከመካከለኛው አዋሽ የተገኘውን የቤሎህደሊ የግንባር አጥንት መርምረው ጻፉ፤ በፈረንጆች 1988 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ያ ዘመን የስደት ዘመን ነበረ፤ ወደዚህ የመጣ ሁሉ መቅረቱን እንጂ መመለሱን አያስብም ነበር። የቀረውንም አንነቅፍም። ዶክተር ብርሃኔ ግን ደርግ ሳይወድቅ ተመለሱ፤ የአገሪቱን የቅሪተ አካል ሥፍራዎች ቆጠራ መሩ፣ የብሔራዊ ሙዚየምም ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ቆጠራ ፈጀጅና ኮንሶ የቅሪተ አካል ሥፍራ መሆናቸው ታወቀ።

አሁን እገዳው ከተነሣ በኋላ ወደ ሆነው፣ በመካከለኛው አዋሽ ወዳለው ወደ አራሚስ ነገር እገባለሁ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በበርክሌ የተማሩት ጃፓናዊ ጌን ሱዋ በአራሚስ ጠጠር መካከል አንድ ጥርስ አዩ። በሦስተኛው ዘመን፣ ጥቅምት 26 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ የአዲግራት ተወላጅ፣ በአዲስ አበባ ታሪክ ተምረው ያን ጊዜ የበርክሌ ተማሪ የነበሩት ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ሁለት ቁራጭ የእጅ አጥንት አነሡ። ሠራተኞቹ፣ አፋሩም ሐበሻውም ፈረንጁም፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በእንብርክክ ምድሩን አሰሱት፤ አፈሩንም በወንፊት ነፉት። አጥንቱ ከመበስበሱ የተነሣ ጣት ሲያርፍበት ይፈረካከስ ነበር። ስለዚህ አፈሩን በውሃ እያራሱ፣ በቀርከሃ ስንጥርና በጥርስ ሐኪም መርፌ ዙሪያውን ፈለፈሉ፤ ማጠንከሪያ አጠጡት፤ ከነአፈሩ በጀሶ ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ አወጡት። በሙዚየሙም ቤት በአጉሊ መነጽር ሥር ቅንጣት በቅንጣት ተፈለቀቀ። ከመቶ የበለጠ ቁራጭ ተሰብስቦ የአንዲት ሴት አጽም ሆነ፤ አርዲም ተባለች። የራስ ቅሏ ተጨፍልቆ ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ ነበርና ሱዋ በቶኪዮ በኤክስሬይ እያነሡ በኮምፒውተር አቃኑት። ከበላይዋና ከበታችዋ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ዶክተር ጊዳይ ወልደገብርኤልና የበርክሌ የዘመን መለኪያ ማዕከል ሊቃውንት መርምረው ዕድሜዋን 4.4 ሚሊዮን ዓመት አሉ። የዘመኑን ቁጥር ከሊቃውንቱ እንደ ተቀበልሁ ጻፍሁ፤ የፍጥረትን ምሥጢር ሁሉ የሚያውቅ ፈጣሪ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2002 ዓ.ም. የአርዲ ነገር በሳይንስ መጽሔት ወጣ፤ ጥናቱ 11፣ ጸሐፊዎቹ 47 ነበሩ። ስለ መዘግየቱ ያጉረመረሙ ነበሩ። እንዲህ የላመ አጥንት በችኮላ የሚነካ አልነበረምና ማጉረምረማቸው ትክክል አይደለም።

በዚህ መካከል በ1990 ዓ.ም. በዚያው በመካከለኛው አዋሽ በሄርቶ የሦስት ሰዎች የራስ ቅል ተገኘ፤ ዕድሜውም 160 ሺህ ዓመት ያህል ነው። አንዱ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ቅሉ ከመቶ በላይ ስባሪ ሆኖ ተበትኖ ነበርና ዶክተር ብርሃኔ ስባሪውን ከስባሪ እያገናኙ ገጠሙት። ከሞተ በኋላ ሰዎች ደጋግመው በእጃቸው ይዘውት ኖሮ ላዩ ተወልውሏል። ለሞተ ልጅ ማዘን በዚያም ዘመን እንደ ነበረ ከዚህ አስባለሁ። ሰኔ 5 ቀን 1995 ዓ.ም. በኔቸር መጽሔት ተነገረ።

ፕሮፌሰር ክላርክ ግን የሄርቶ ነገር በመጽሔት ሲነገር ሳያዩ፣ የካቲት 7 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በዚህች በኦክላንድ ከተማ ዐረፉ። ለዘራቸው ዘር ፍሬ ዋጋቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

በሳን ፍራንሲስኮ ያለው የሊኪ ፋውንዴሽንም ባልድዊን በተባለ ሰው ስም ለአፍሪካና ለሌሎች አገሮች ተማሪዎች የትምህርት ገንዘብ ይሰጣል፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለተማሪው ግን ትልቅ ነው። የአክሱሙ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ በዲኪካ ሰላም የተባለችውን የሕፃን አጽም ያገኘውን ጓድ የመሩት፣ ከፈረንጆች 2008 እስከ 2016 በዚያው ከተማ በካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ የአንትሮፖሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠሩ፤ ቀድሞም የምሥራቅ አፍሪካ ሊቃውንትን በአንድ ማኅበር ካሰባሰቡት አንዱ ነበሩ። ዶክተር ብርሃኔም በፈረንጆች 2008 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የውጭ አባል ሆነው ተመረጡ።

በፈረንጆች 1981 በበርክሌ የተመሠረተው የሰው አመጣጥ ኢንስቲትዩት፣ ድንቅነሽን ያገኙ ሰዎች ቤት፣ በፈረንጆች 1994 የገንዘብ ችግር ገጥሞት በ1997 ወደ አሪዞና ተሻገረ። በፈረንጆች 2021 የዚህ ቤት ሹመት ለዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ተሰጠ፤ በአራሚስ ሁለቱን የእጅ አጥንት ያነሡት እርሳቸው ናቸው።