«ሶብር አድርጊ» ብለን የሸኘናት እህት፦ የማህፀን ሕመም ታሪክና የእኛ ድርሻ



ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መስጂዳችን ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሐይድ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ በባል በኩል ይመጣል፣ አንዳንዱ በወረቀት ተጽፎ። እኛም ኪታብ ገልጠን፣ ሐይዱን ከኢስቲሓዳ ለይተን መልሱን እንሰጣለን።

ከዓመታት በፊት የደረሰን አንድ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። እህታችን ስለ ሶላቷ ከጠየቀች በኋላ ከታች በትንሹ «በየወሩ ሦስት ቀን ከአልጋ አልነሳም፤ አምስት ዓመት በትዳር ቆይቼ ልጅም አልሆነልኝ» ብላ ነበር። የሶላቱን መለስንላት። ስለ ሕመሙ ግን «ሶብር አድርጊ» ብቻ አልን። በሽታዋ ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑን የሰማችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ትዳሯ ፈርሶ ነበር። አላህ ይማረን።

ለመሆኑ የቀደሙት እንዲህ ነበሩን? ሰሓቢይቷ ፋጢማ ቢንት አቢ ሁበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቆም ሲላት ራሷ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እርሳቸውም ይህ የደም ሥር ጉዳይ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን ነገሯት። የተለመደው ካልተለመደው የተለየው ያኔ ነው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነችው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላልከለከላቸው ነበር።

ሐኪሞቻችንም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ኢብኑ ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን ፊ-ጢብ» በተባለው ሥራው 3ኛ መጽሐፍ ለማህፀን በሽታዎች ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል። የአንደሉሱ አዝ-ዘህራዊ ደግሞ ሴት የፊኛ ጠጠር ሲኖርባት ሐኪሙ የተማረች ሴት እንዲፈልግ፣ ካላገኘ አዋላጅ አቁሞ ደረጃ በደረጃ እንዲመራት ጽፏል። ሐያእን ጠብቆ ማከሚያ መንገድ ፈለገ እንጂ በሐያእ ሰበብ በሽተኛዋን አልተዋትም።

በሽታው ራሱ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተገለጸው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የቪየናው ካርል ሮኪታንስኪ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከቦታው ውጪ በቅሎ ማግኘቱን ጻፈ። በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን ዛሬ የምንጠራበትን ስም አወጣለት፤ የወር አበባ ደም በከፊል ወደ ኋላ ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስ ነው የሚል ማብራሪያም ሰጠ። ይህ ሥጋ በየወሩ እንደ ማህፀኑ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። አካባቢውን ያቆስላል፣ አንጀትና ማህፀንን ያጣብቃል፣ ልጅ መውለድንም ሊያስቸግር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶው፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህል፣ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። ብዙዎቹ ስሙን የሚያውቁት ከዓመታት ስቃይ በኋላ ነው።

በአገራችን የሴት ሕመም ተደብቆ እንደኖረ የፌስቱላ ታሪክ ምስክር ነው። ዶክተር ሬጅና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አዲስ አበባ የገቡት በ1959 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሆስፒታላቸው በ1974 ተከፈተ። ከዚያ በፊት እነዚያ እህቶች ከቤተሰብ ተገልለው ይኖሩ ነበር። መፍትሔው የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ብቻ አልነበረም። ገጠር ድረስ የሚሄዱ አዋላጆችን ማሠልጠን፣ በሽታው እርግማን አለመሆኑን ለሕዝቡ ማስረዳትም ነበር። ኢንዶሜትሪዮሲስ ደግሞ ከውጪ ስለማይታይ ይበልጥ ይደበቃል።

ታዲያ መጀመሪያ ማን ሊያውቀው ይችላል? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አንዲት እህት ስትታመም ቀድማ የምታገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ነው፤ የማህፀን ስፔሻሊስት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረውም በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገና ወጣት ሙያ ነው። ስለዚህ ጊዜ የሚቆጥበው ይህ የመጀመሪያው በር ነው። ሆድ ቁርጠት ሲባል ጨጓራ፣ ታይፎይድ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብሎ መድኃኒት ከመስጠት በፊት «ሕመሙ ከወር አበባሽ ጋር ይመጣል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ዓመት ያተርፋል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰማ ሕመም፣ በወር አበባ ሰሞን ሽንትና ሰገራ ሲወጣ የሚያም ስሜት፣ የማይለቅ ድካም፣ ልጅ መዘግየት። አልትራሳውንድ «ምንም የለም» ቢልም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ድሮ ያለ ቀዶ ሕክምና አይረጋገጥም ይባል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ግን ምልክቱን አይቶ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል ይገልጻል።

ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሕመሙን የሚያስታግስ ግን አለ፦ የሕመም ማስታገሻ፣ የሆርሞን መድኃኒት፣ ሲያስፈልግ ቀዶ ሕክምና። እዚህ ላይ ባሎችና አማቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐኪም ለዚህ ሕመም የሚያዘው ኪኒን አንዳንዴ ያው የወሊድ መቆጣጠሪያው ነው። እሽጉን አይታችሁ «ልጅ አልፈለገችም» ብላችሁ አትጠርጥሯት፤ መድኃኒቷ ነው።

እኛስ? ከእንግዲህ የሐይድ ጥያቄ ሲመጣ የፊቅሁን መልስ ሰጥተን አናቆምም። «ያምሻል ወይ? ሐኪም አይቶሻል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። እናንተም ልጃችሁ በየወሩ ከመድረሳ ስትቀር «ሴትነት ነው፣ ስታገቢ ይለቅሻል» አትበሏት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የሚያማትን ቀን በወረቀት መዝግባ ትሂድ፤ በአማርኛ መናገር ከከበዳት በኦሮምኛ ትናገር፤ ሴት ባለሙያ ከፈለገች ትጠይቅ። ሶብር መልካም ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት መፈለግን አይከለክልም።

ያቺን እህታችንን አላህ ያሽራት፤ እኛንም ይቅር ይበለን። ይህን ጽሑፍ ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁ አንብቡላቸው።