ግድግዳው ሥር ያለችው ጠረጴዛ

ዩቲዩብ ላይ አንዲት አጭር፣ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ አለች። ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ የሰካች፣ ደልደል ያለች ሴት ማይክራፎን ፊት ቆማ ታመሰግናለች። ለዘሯም ለፊልም ሙያም መኩሪያ ሆና ለመኖር እንደምትመኝ ትናገርና እንባ ይቀድማታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስንቴ እንዳየኋት አልቆጠርኩም። የሽልማት ምሽት የሚወድ ሰው የሚያለቅስ ተሸላሚ ይወዳል፤ እኔም ያው ነኝ።

ሴትየዋ ሀቲ ማክዳንኤል ትባላለች። ምሽቱ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ ማሚ የምትባለውን ባሪያ ሞግዚት ሆና በመተወኗ ምርጥ ረዳት ተዋናይት ተባለች፤ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰውም ሆነች። ከእሷ በፊት እጩ እንኳ የሆነ ጥቁር አልነበረም።

ቪዲዮው የማያሳየው ከየትኛው ወንበር ተነስታ እንደመጣች ነው። ዝግጅቱ የተካሄደው ሎስ አንጀለስ፣ አምባሳደር ሆቴል ውስጥ በነበረው ኮኮናት ግሮቭ ነው። ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ አያስተናግድም ነበር። የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ልዩ ፈቃድ ለምኖላት ነው የገባችው። ከገባችም በኋላ የፊልሙ ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ፣ ለእሷ ግድግዳው ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ተሰጣት፤ አጠገቧ አብሯት የመጣው ሰውና ወኪሏ ብቻ። በዚያው ፊልም፣ በዚያው ዘርፍ ከእሷ ጋር የተወዳደረችው ኦሊቪያ ደ ሀቪላንድ ግን ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ነበረች። ልብ በሉልኝ፦ የተሸነፈችው ዋናው ገበታ ላይ፣ ያሸነፈችው ጥግ ላይ።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቪዲዮዋን ስከፍት ዓይኔ እንባዋ ላይ አይቆይም። ስንት ጠረጴዛ አልፋ መድረኩ ጋ እንደደረሰች ነው የማስበው። ጭብጨባው ሲያልቅ፣ ያጨበጨቡት ሰዎች ወደዚያች ጥግ ስትመለስ እያዩ ምን ተባባሉ? ያናድደኛል። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ጭብጨባው የምር መምሰሉ ነው። አስመስለው ቢያጨበጭቡ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ታሪኩን ግን ጨርሶ መጥላት አልቻልኩም። ለዚህ ተጠያቂው ነቢይ መኮንን ነው። የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው። የጻፈበት ወረቀት የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ነበር፤ ወደ 3,000 ቁራጭ። ቁራጮቹ በድብቅ ወጡ። ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ይህ መጽሐፍ የአሜሪካ ደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ናፍቆት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የእስረኛ መጽሐፍም ነው። ስካርሌት መሬቱን ጨብጣ አልሸነፍም ስትል ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እስረኞች ምን እንደተሰማቸው መገመት ይቻላል።

ማሚ ግን ጓዳ ናት። ትቆጣለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፤ የራሷ ሕይወት የላትም። እንግዳ አትሆንብንም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ። ልጅ ያሳደጉ፣ «እንደ ቤተሰባችን ናት» የሚባልላቸው፣ ማዕድ ሲቀርብ ግን ጓዳ የሚበሉ ሴቶችን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኮኮናት ግሮቭ ያን ያህል ሩቅ አይመስለኝም።

የዚያ ምሽት ሌላም ጣጣ አለው። ያኔ የአሸናፊዎቹ ስም አስቀድሞ ለጋዜጦች በአደራ ይሰጥ ነበር። ሎስ አንጀለስ ታይምስ አደራውን በላና ሽልማቱ ሳይሰጥ በምሽት እትሙ አወጣው። እንግዶቹ ማን እንዳሸነፈ ወደ አዳራሹ ሲመጡ ማንበብ ይችሉ ነበር። አካዳሚው ተናዶ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1941፣ የታሸገ ፖስታ ጀመረ። ዛሬ ልባችንን የሚያንጠለጥለው ፖስታ የተወለደው ከዚያ ነው።

ያው ፖስታ በ2017 ጉድ ሠራ። እኔ ያን ሌሊት የነቃሁት ለሩት ነጋ ብዬ ነበር፤ አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አይሪሽ። «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ነጭ በማግባቷ ቨርጂኒያ ውስጥ ወንጀለኛ የተባለችውን ሚልድሬድ ላቪንግን ተጫውታ ለምርጥ ተዋናይት ታጭታለች። ያ ዓይነቱን ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1967 ነው፤ ከሀቲ ሽልማት 27 ዓመት ቆይቶ! እኛ ጋ ዝግጅቱ የጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ካሜራው እጩዎቹን ሲያሳይ ሩት ከሌሎቹ መሃል ተቀምጣ አየኋት፤ ደስ አለኝ፣ ሌላ ምን ልበል። ሽልማቱ ለኤማ ስቶን ሆነ። ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ምርጥ ፊልም «ላ ላ ላንድ» ተብሎ ታወጀ፤ ሰዎቹ መድረክ ወጥተው እያመሰገኑ ሳሉ ትክክለኛው አሸናፊ «ሙንላይት» መሆኑ ተነገረ። አቅራቢዎቹ የተሰጣቸው የኤማ ስቶን ፖስታ ቅጂ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ ስህተቱ አወራ። እኔ ግን በጣም የከነከነኝ የ«ሙንላይት» ልጆች ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ለፍተው ያገኟት ደቂቃ ግርግር በላት።

ወደ ሀቲ ልመለስ። ያኔ ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው የምናውቀው ሐውልት አልነበረም፤ ትንሿ ምስል የተለጠፈባት ሰሌዳ ነበረች። ከሽልማቱ በኋላም የሚመጣላት ሚና ያው የቤት ሠራተኛ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሬዲዮ ድራማ መሪ ተዋናይት ሆነች፤ ገጸ ባሕርይዋ ቢዩላ፣ እሷም የቤት ሠራተኛ። ድራማው ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ጥቂት ክፍሎች እንደሠራች ታመመች፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1952 አረፈች። ኦስካር ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የተላለፈው በማርች 1953 ነው፤ አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ሆሊውድ መካነ መቃብር ልቀበር ብላ ተናዛ ነበር። ጥቁር አንቀብርም አሉ። እዚያ መታሰቢያ ድንጋይ የቆመላት በ1999 ነው። ሌላ ጥቁር ሴት በትወና ኦስካር እስክትወስድ ደግሞ 51 ዓመት ፈጀ፤ ውፒ ጎልድበርግ፣ 1991።

ሰሌዳዋን የተናዘዘችው ዋሽንግተን ለሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃዋርድ ለሐበሻ ባዕድ ቦታ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ለዓመታት ፊልም ያስተማረው እዚያ ነው፤ «ሳንኮፋ» የተባለው መጻሕፍት ቤቱም ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው። «ሳንኮፋ» ፊልሙን አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ ከተማ ለከተማ እያዞረ ያሳየ ሰው ነው፤ ገበታው ላይ ቦታ ሲያጣ የራሱን ጠረጴዛ የሠራ ልትሉት ትችላላችሁ። ኃይሌ ሃዋርድ ሲደርስ የሀቲ ሰሌዳ ግን ከድራማ ክፍሉ ጠፍታ ነበር።

አካዳሚው ምትኳን አሠርቶ ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ለሃዋርድ አስረከበ፤ ያኔ የሥነ ጥበብ ኮሌጁ ዲን ተዋናይት ፊሊሺያ ረሻድ ነበረች። የዚያን ቀን ምስሎች ስመለከት መጀመሪያ የፈለግኩት ሰሌዳዋን አይደለም፤ ማን የት እንደተቀመጠ ነው። አዳራሹ አይራ አልድሪጅ ይባላል፤ አውሮፓ ሄዶ ሼክስፒርን በተወነው ጥቁር አሜሪካዊ ስም። የመጀመሪያዋ ሰሌዳ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።