ሁለት ጥንቸሎች አንድ ቤት አልበቃ ሲላቸው

ቡሹሎም ሆነ ሌላ የሀዋሳ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ለልጆቹ ሁለት ወንድ ጥንቸሎች ገዝቶ አንድ ሳጥን ውስጥ ቢከት ምን ይሆናል? ብዙም ሳይቆይ ጸጉር ይነጫል፣ ጆሮ ይቦጨቃል፤ አንዱ የሌላውን ብልት እስከ መዘንጠል የሚደርስበት ጊዜም አለ። «ጥንቸል እኮ የዋህ ናት» ይል የነበረው ሰው ግራ ይገባዋል።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስተናል። በአገራችን ሜዳ ላይ ስትሮጥ የምናያት የዱር ጥንቸል በሳጥን ከምናረባት ጋር ዘመድ ብትሆንም ዝርያዋ ሌላ ነው። የዱሯ 48 ክሮሞዞም አላት፣ የቤቷ 44። የዱሯ ልጆች ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ሜዳ ላይ ይወለዳሉ፤ ሲያድጉም በአብዛኛው ለየብቻ ይኖራሉ። የቤቷ ጥንቸል ግን መነሻዋ ከወደ ስፔን ነው። ልጆቿ ጉድጓድ ውስጥ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ፤ ኑሮዋም በቡድን ነው። (የስም መምታታቱ እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። የፊንቄ መርከበኞች የስፔንን ጥንቸል ሲያዩ ሽኮኮ መስላቸው በሽኮኮ ስም ጠሯት፣ «ስፔን» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ የሚል የቆየ ግምት አለ።)

መቼ ለመደች? በ600 ዓ.ም. ገደማ ጳጳስ ግሪጎሪ የጥንቸል ጽንስ እንደ ዓሣ ለጾም እንዲበላ ስለፈቀዱ የፈረንሳይ መነኮሳት አላመዷት የሚል ታሪክ በየመጽሐፉ ይደጋገማል። በ2018 ተመራማሪዎች ምንጩን ሲከታተሉ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኙም። ለዘመናት ግን ለሥጋና ለቆዳ ስትረባ ማን ከማን ይስማማል የሚለው ብዙም አላሳሰበም።

ጥያቄውን በደንብ ያጠኑት ማን መሰሏችሁ? ሊያጠፏት የፈለጉት ናቸው። በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት አውስትራሊያ ውስጥ የለቀቃቸው ጥንቸሎች አገሩን ስላጥለቀለቁት፣ በ1950 መንግሥት ሚክሶማ የተባለ ቫይረስ ለቀቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ሮማን ሚኪቶዊች የተባለ ተመራማሪ ካንቤራ ውስጥ በአጥር ያሉ ጥንቸሎችን ተከታተለ። ወንዶቹም ሴቶቹም ለየራሳቸው የበላይና የበታች ተዋረድ አላቸው። የበላዩ ወንድ አገጩ ሥር ባለ ዕጢ ግዛቱን በሽታ ያትማል፤ የበታቿ ሴት ከዋናው ጉድጓድ ርቃ ለመውለድ ትገደዳለች። በዌልሳዊው ሮናልድ ሎክሌይ የ1964 መጽሐፍም ጥንቸል ባለ ማኅበር እንስሳ ሆና ቀረበች።

እኔ እንደሚመስለኝ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ሜዳ ላይ የተሸነፈው ይሸሻል። ሳጥን ውስጥ ግን ወዴት?

ጥንቸልን ቤት ውስጥ እንደ ድመት የማሳደግ ልማድ አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ ወዲህ ሲስፋፋ፣ የማላመድ ዘዴውም አብሮ ዳበረ። በቅድሚያ ሁለቱንም ማምከን፤ ከዚያ በሽቦ ለይቶ ጎን ለጎን ማቆየት፤ በኋላ የማንኛቸውም ሽታ በሌለበት ቦታ ለአጭር ጊዜ ማገናኘት። በአብዛኛው የሚቀለው የመከኑ ወንድና ሴት ናቸው። ወንዱ ግን ከተኮላሸ በኋላም ለሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል አይቸኮልም።

አልስማማ ካሉስ? ይሄም ያጋጥማል፤ ያኔ ማስገደድ ቁስል ነው የሚያተርፈው። መሀላቸው በድርብ ሽቦ ይለይ፣ ነጠላው አፍንጫ ያስነክሳል። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መደበቂያ፣ ውኃና ሣር ይቀመጥ። እንዲያ ሆነው ሽቦውን ተደግፈው ጎን ለጎን የሚተኙ አሉ።