ቃኘውን ያስተረከው አሜሪካዊ

ኮሪያ የዘመቱት አባቶቻችን ሲነሱ ሁላችንም የምንደጋግማት ነገር አለች፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። እሺ፣ ጥሩ። ግን እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ምን ነበር የሚሆነው? ወዲያው ጠይቀው ከጻፉት አንዱ ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ ነው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ስሙን ሳታስታውሱት አትቀሩም።

ማርሻል በፈረንጆቹ 1900 ተወልዶ 1977 የሞተ ሰው ነው። ሙያው ጋዜጠኝነት ነበር፤ ዲትሮይት ኒውስ ላይ ይጽፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ታሪክ ጸሐፊ አደረገው። ዘዴው ቀላል ናት። ውጊያው እንዳበቃ የተረፉትን ሰብስቦ ከመጀመሪያው ጥይት ጀምሮ በየተራ ያስተርካቸዋል። ማዕረግ አይሠራም፤ ተራው ወታደር መኮንኑን «የለም፣ እንዲያ አልነበረም» ይለዋል። (እኛ ጋ ቢሞከር አስቡት!)

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ማርሻል የእኛን ልጆች ያገኛቸው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ1945 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1956 ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» ውስጥ ዘነቀ አስፋው ብሎ የሚጠራው መኮንን ጥቂት ቃፊሮች ይዞ በሌሊት ሲወርድና ከእነሱ በብዙ እጥፍ ከሚበልጥ የቻይና ጦር ጋር ሲገጥም እናነባለን። በሌሊት ውጊያና በመኮንንና በወታደር መተማመን ኮሪያ ከነበሩት ሁሉ በላይ ያስቀምጣቸዋል። በ1959 ግሪጎሪ ፔክ የሠራበት ፊልም ወጣ፤ እሱ ግን የአሜሪካኖቹን ገድል ነው የተረከው።

አሁን ወደማይጥመው እንምጣ። ማርሻል በ1947 በጻፈው መጽሐፍ በውጊያ ላይ ከመቶ ወታደር የሚተኩሰው ከ15 እስከ 25 ብቻ ነው ብሎ ነበር። የጦር ሥልጠና የተቀየረበት ቁጥር ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ሮጀር ስፒለር የተባለ የታሪክ ሰው ማስታወሻ ደብተሮቹን ሲፈትሽ ለቁጥሩ መነሻ የሚሆን ስሌት አጣ።

ታዲያ እኛን ሲያመሰግን ብቻ እንመነው? ይሄ አያስኬድም። በእኔ እይታ ሙገሳው የእሱ ግምት ነው፤ ደስ ቢለንም እንደ ማስረጃ አልጠቅሰውም። የዚያች ሌሊት ትረካ ግን ከራሳቸው ከተዋጊዎቹ አፍ የተለቀመ ነው፤ ክብደቱ ሌላ ነው። ቢሆንም የአንድ ሰው መዝገብ ነው፤ ከሌላ ጋር መተያየት አለበት። ማመሳከሪያው ደግሞ እዚሁ ነበር። የዘማቾቹ መታሰቢያ አፍንጮ በር ነው፣ ከጉለሌ ቅርብ። ከዘማቾቹ በሕይወት ያሉት ዘጠና አልፏቸዋል።

አያታችሁ ቃኘው የነበሩ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅዱልኝ። በየትኛው ዙር እንደዘመቱ ጠይቁ፣ ከዚያ አንዲት ሌሊት ብቻ ከመጀመሪያው ጥይት ጀምሮ ያውሯችሁ። አታቋርጧቸው።