አራት ስም ያለው የዋግ ልጅ

አንድ ድርጅት በ39 ዓመት ውስጥ አራት ስም ተጠራ። በ1973 ዓ.ም. ኢሕዴን ተብሎ ተወለደ። በ1986 ብአዴን ሆነ። በ2011 አዴፓ ተባለ። በ2012 ብልጽግና ውስጥ ሲገባ ሦስቱም ስሞች ታሪክ ሆኑ። በአገራችን ወግ ሰው ስሙን የሚለውጠው ሲነግሥ፣ ሲመነኩስ ወይም ሲሸፍት ነው። ይህ ድርጅት ሸፍቶም ነግሦም ያውቃል፤ የቀረው መመንኮስ ብቻ ነበር።

ስሞቹ የተቀያየሩት ለጌጥ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ለውጥ ጀርባ መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ አለ፦ ለጦርነት የተፈጠረ ኃይል ጦርነቱ ሲያልቅ ማን ነው? አገሪቱ ዛሬም ጠመንጃ በያዙና ጠመንጃ እንዲያስቀምጡ በሚጠየቁ ወጣቶች የተሞላች ስለሆነች ጥያቄው አላረጀም። የሰቆጣን ተራሮች ታሪክ መለስ ብሎ ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

▪️ ከሽንፈት የተወለደ

ነገሩ የሚጀምረው ከሽንፈት ነው። ኢሕአፓ በትግራይ፣ አጋሜ ውስጥ፣ በአሲምባ ተራራ ላይ ሠራዊት አቋቁሞ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከሕወሓት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈና አሲምባን ለቀቀ። በከተማ ደግሞ ቀይ ሽብር መዋቅሩን በልቶት ነበር። ከዚያ የተረፈው ሠራዊት ተበታተነ። ከፊሉ ድርጅቱን ይዞ ወደ ጎንደር በረሃዎች አቀና፤ ከፊሉ ትግል በቃኝ አለ። ጥቂቶች ግን ከኢሕአፓ አመራር ጋር ተቆራርጠው፣ ትናንት ከወጋቸው ሕወሓት ጋር ተስማምተው፣ ዋግን መነሻቸው አደረጉ። ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ በአጭሩ ኢሕዴን፣ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 11 የድርጅቱ የልደት ቀን ሆኖ በየዓመቱ ሲከበር ኖረ።

ዋግ ለሽምቅ ተዋጊ የተመቸ አገር ነው። ገደሉና ሸለቆው ብዙ፣ መንገዱ ጥቂት ነው። ከተከዜ ማዶ ትግራይ አለ። መንግሥት አካባቢውን የሚያስታውሰው ግብር ሲሰበስብና ወታደር ሲመለምል ነበር። እንዲህ ባለ አገር ታጋይ የሚያድረው በገበሬ ቤት፣ የሚበላውም የገበሬን ማሽላና ገብስ ነው። ያ ገበሬ ደግሞ ለራሱም አልተረፈውም። በ1977ቱ ድርቅ የዓለም ቴሌቪዥኖች ሁሉ ያሳዩዋት ኮረም ከሰቆጣ ሩቅ አይደለችም።

ኢሕዴንን ተቺዎቹ «ሕወሓት ለራሱ ጦርነት የሠራው መሣሪያ» ይሉታል። ነባር ታጋዮች ደግሞ በራሳቸው ውሳኔ ተነሥተው የታገሉ መሆናቸውን ይናገራሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ሁለቱም ወገኖች የማይክዱት ነገር ግን አለ፦ ያለ ጦርነቱ ድርጅቱ አይታሰብም። ዕድሩ፣ ቋንቋው፣ ዘፈኑ፣ ወንድማማችነቱ፣ የማዕረግ መለኪያው ሁሉ ከጦርነት የተገኘ ነው።

▪️ ስም ጥሎ ስም ማንሣት

በረሃ የገባ ታጋይ መጀመሪያ የሚጥለው ስሙን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤተሰቡ ከተማ ውስጥ አለ፣ ደርግም ይፈልገዋል። ቆይቶ ግን የትግል ስም ከመደበቂያነት አለፈ። ለገሰ ዜናዊ ደርግ የገደለውን የመለስ ተክሌን ስም ወስደው መለስ ዜናዊ ሆኑ። መብራህቱ ገብረሕይወት በረከት ስምዖን ተባሉ። ከኢሕዴን መሥራቾች አንዱ የሆኑት ያሬድ ጥበቡ በበረሃው ዘመን የሚታወቁት ጌታቸው ጀቤሳ በሚል ስም ነበር። እናት ያወጣችው ስም ከኋላ ቀረ፤ ጦርነት ያወጣው ስም ከባለቤቱ ጋር ቤተ መንግሥት ገባ።

ጦርነቱ ስም ያወጣው ለወዳጆቹ ብቻ አልነበረም። ለምርኮኞችም አውጥቷል። መጋቢት 1982 ዓ.ም. ኦሕዴድ ሲመሠረት መነሻ ከሆኑት መካከል ከኢሕዴን የወጡ የኦሮሞ ታጋዮችና ከደርግ ሠራዊት የተማረኩ ወታደሮች ይገኙበታል። ትናንት «አብዮታዊ ሠራዊት» ይባል የነበረ ወጣት በምርኮ ሰፈር የፖለቲካ ትምህርት ተሰጥቶት የብሔሩ ነፃ አውጪ ሆኖ ወጣ። ቋንቋውና ትውልዱ ድሮም የራሱ ነበሩ። ወደ ፖለቲካ ማንነት የተለወጡበትን ቀንና ቦታ የወሰነው ግን የጦርነቱ ፍላጎት ነው።

▪️ ድሉና ማግስቱ

በየካቲት 1981 ዓ.ም. ደርግ ሽሬ ላይ ተሸንፎ ትግራይን ለቀቀ። ሕወሓትና ኢሕዴን በኢሕአዴግ ጥላ ሥር ወደ ደቡብ ገሰገሱ። በ1983 ዓ.ም. በቴዎድሮስ ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም፣ በዋለልኝ ዘመቻ ወሎ ተያዙ። ግንቦት 20 አዲስ አበባ ገቡ። ከዋግ ሸለቆዎች ከተነሡት ታጋዮች አንዱ የሆኑት ታምራት ላይኔ የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ያን ጊዜ ለተሸነፈው ወታደር የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ ወደ መጣህበት ተመለስ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት አባል ትጥቁን ፈትቶ ተበተነ፤ ጉዳዩን የሚከታተል የማቋቋሚያ ኮሚሽንም ተመሠረተ። አንዳንዱ እርሻ ገባ፣ አንዳንዱ ከተማ ውስጥ ዘበኛ ሆነ፣ አንዳንዱ ለልመና ወጣ። የአሸናፊውን ማንነት የሚያቋቁም ኮሚሽን ግን አልነበረም። ምክንያቱም አሸናፊ ማንነት የሚጎድለው አይመስልም።

ጉድለቱ የታየው ብዙ ሳይቆይ ነው። አዲሱ ሥርዓት አገሪቱን በብሔር አዋቅሮ ለእያንዳንዱ ድርጅት «አንተ የማን ነህ?» የሚል ጥያቄ አቀረበ። ሕወሓት መልሱ በስሙ ውስጥ ነበር። ኦሕዴድም እንዲሁ። በስሙ «ኢትዮጵያ»ን የያዘው ኢሕዴን ግን አማራ በተባለው ክልል ላይ ተቀምጦ ተገኘ። በ1984 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ መዐሕድን ሲመሠርቱ «በአማራ ስም የሚናገረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አደባባይ ወጣ። ኢሕዴን በ1986 ስሙን ብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ብሎ መልስ ሰጠ። ወቀሳው ግን በዚህ አልቆመም። ከመሪዎቹ መካከል አማራ ያልሆኑ አሉ የሚለው ክስ ድርጅቱን እስከ መጨረሻው ቀን ተከትሎታል።

የክሱ ትልቁ ስሕተት ማንነትን በደም መለካቱ ነው። አንድ መሪ የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ለማን እንደሚሠራ አይነግርም። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ድርጅቱ የሚጠየቀው በማን ነው? ወደ ላይ ለግንባሩ አመራር ነው ወይስ ወደ ታች ለገበሬው? ለጦርነት የተፈጠረ ድርጅት ልማዱ ወደ ላይ ማየት ነው። በጦር ሜዳ ትእዛዝ የሚመጣው ከላይ ስለሆነ ያ ልማድ ነፍስ ያድን ነበር። በሰላም ጊዜ ግን ሕዝብን ያስረሳል።

▪️ ዋግ ማንነት አልቸገራትም

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊያስተዛዝብ የሚችል ነገር አለው። «አማራ» የሚለውን ስም የወሰደው ድርጅት የተወለደው በአገው ምድር ነው። የዋግ ሕዝብ ከአማርኛ ጋር ኽምጣኛ የሚናገር፣ ራሱን በራሱ ታሪክ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። አዲሱ አወቃቀር ሲመጣ ለዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ አስተዳደር ተሰጠ፤ ሰቆጣም ዋና ከተማው ሆነች። ስለዚህ ልጁ አንድ ስም ይዞ ባሕር ዳር ሲገባ፣ ያሳደገችው ምድር በሌላ ስም ተመዘገበች።

ዋግ ግን ስሟን ከማንም አልተበደረችም። የዋግሹሞች ዘር ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚመዘዝ በታሪክ ይነገራል። ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል፤ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በተባሉት በካሳ ምርጫ ተሸንፈው ዙፋናቸውን አጡ። ከሽንፈቱ በኋላም ዋግ ዋግ ሆኖ ቀጠለ። አንድ ሕዝብ ማንነቱን ከመሬቱ፣ ከቋንቋው፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከገበያው ሲያገኝ ንጉሥ ቢወድቅበትም ራሱን አያጣም። ማንነቱን ከጦርነት ያገኘ ድርጅት ግን ጦርነቱ ሲያልቅ መሠረቱ ይነቃነቃል።

▪️ የማምሉኮቹ ትምህርት

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በግብፅ የነበሩት ማምሉኮች በልጅነታቸው ተገዝተው ከአገራቸው የተወሰዱ፣ ለጦርነት ብቻ የሠለጠኑ ባሪያዎች ነበሩ። ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ ነፃ ይወጣሉ። በ1250 እ.ኤ.አ. ጌቶቻቸውን ገልብጠው ራሳቸው ነገሡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ዓይን ጃሉት ላይ ሞንጎሎችን አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ አገር ከመግዛት አልፈው ከአገሩ ሕዝብ ጋር አንድ መሆን ከበዳቸው። ወታደር ሲያስፈልጋቸው ከግብፅ ገበሬ መካከል በመመልመል ፈንታ እንደነሱ በልጅነታቸው የሚገዙ ሌሎች ልጆችን ከሩቅ ያስመጡ ነበር። በ1517 ኦቶማኖች ግዛታቸውን ሲወስዱባቸው ከ250 ዓመት በላይ ገዝተው ነበር፤ ለአብዛኛው የግብፅ ሕዝብ ግን እንግዳ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ታጋይ ባሪያ አልነበረም፤ ወዶና አምኖ ነው የገባው። ሆኖም አንድ ልምድ ይጋራሉ። ታጋይን የሚያምነው ታጋይ ብቻ ሆነ። ሥልጣን የሚከፋፈለው በበረሃ ዓመታት ቁጥር ሆነ። ሠላሳ ዓመት ከተማ ውስጥ የኖረ ባለሥልጣን «ነባር ታጋይ» እየተባለ ሲጠራ ክብር የሚሰማው ለዚህ ነው። ከዚያ ውጭ ሌላ ስም አልሠራማ።

እንዲህ ያለ ቤት ልጆቹንም አያሳርፍም። ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው በሙስና ተፈርዶባቸው ወደ 12 ዓመት ገደማ ታሰሩ። በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ በ2011 ዓ.ም. ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ ክስ ተይዘው በ2012 ተፈረደባቸው። ፍርዱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ድርጅቱ ስሙን በቀየረ ቁጥር ከቀድሞ ስሙ ጋር የተያያዙ ሰዎቹን እየጣለ መሄዱ ግን ለሁሉም የታየ ነው።

▪️ ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲመለስ

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። ሁለቱ ድርጅቶች አብረው የተዋጉባቸው ሸለቆዎች እርስ በርስ መዋጊያ ሆኑ። ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. ብትለቀቅም እንደ አበርገሌና ጻግብጂ ያሉ ወረዳዎች ነዋሪዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው ረጅም ጊዜ ቆይተዋል። በዕድሜ የገፋ የዋግ ገበሬ በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ጦር አስተናገደ፤ በመጀመሪያው ጊዜ «ነፃ ልናወጣህ ነው» ተብሎ ነበር።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ግን ለዋግ አንድ ቃል ተገብቶላታል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን ይፋ አደረገ። ግቡ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ማስቀረት ነው፤ ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነው። ስሙ በሰቆጣ መጠራቱ ክብርም ወቀሳም ነው። ድርጅቱ ከተወለደበት ዓመት 34 ዓመት፣ ሥልጣን ከያዘበት 24 ዓመት ቆጥሮ ስለ ትውልድ ስፍራው የገባው ትልቁ ቃል ሕፃናቱ በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ የሚል መሆኑ ብዙ ይናገራል። ከዚያም ወዲህ ድርቅና ጦርነት ተፈራርቀውበታል።

▪️ የዛሬዎቹስ?

አሁን ጥያቄው ወደ አዲስ ትውልድ ዞሯል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ በአማራ ክልል ወዲያው ሌላ ጦርነት ተነሣ። ከአንዱ ጦርነት ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ ወጣት ሞልቷል። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጠመንጃ ያነሡ ናቸው፤ ከጦርነቱ በፊት ማን እንደነበሩ የሚያስታውሱት ትንሽ ነው።

ለነዚህ ወጣቶች የመቋቋሚያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1983 አሸናፊዎቹ ገንዘብም ሥልጣንም ነበራቸው፤ ማንነታቸውን ግን ከዚያ አላገኙትም። ተዋጊ ሲቪል የሚሆነው በጠመንጃው ዘመን ካገኘው ስም ሌላ ስም ሲኖረው ነው። መምህር፣ ንብ አናቢ፣ ሐኪም፣ ባል፣ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ። እነዚህን ስሞች የሚሰጠው ጉባኤ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትም የሚሰጠው አብሮ ሠርቶና ተጠይቆ ለኖረ ሰው ነው። ሰው የሆነው ድርጅትም ይሆናል። ለሚበላው እንጀራ ባለቤት መልስ የሚሰጥ ድርጅት ስሙን መቀያየር አያስፈልገውም።

የዋግ ገበሬ በ1973 ደጁ የመጡትን ወጣቶች ትክክለኛ ስማቸውን አላወቀም። ያው የደረሰውን አብልቶ አሳደራቸው። አበው «ብድር በምድር» ይላሉ። ስሙ ሦስት ጊዜ ቢቀየርም ባለዕዳው ያው ነው፤ ዕዳውም ገና አልተከፈለም።