ሳይዘጋ የሚታደስ ቤት



ያረጀ ቤት መታደሱ የማይቀር ነው። ነገር ግን በየዕለቱ ብዙ ሕዝብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት ሲታደስ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ተገልጋዩ ወዴት ይሂድ የሚል ነው።

በፓሪስ ከተማ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ «ቦን ማርሼ» ለተሰኘው ታላቅ መደብሩ በ1869 እ.ኤ.አ. የአዲስ ሕንፃ መሠረት ጣለ። ሥራው በየክፍሉ እየተከፋፈለ አንዱ ወገን ሲታነጽ በሌላው ወገን ሽያጩ ይካሄድ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1872 ተከፈተ፤ ጠቅላላው ሕንፃ የተፈጸመው ግን በ1887 ነው። ቡሲኮ በ1877 ቢሞትም ባለቤቱ ማርግሪት ሥራውን አስቀጠለች።

ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ መልክ ሊሠራ ሲታሰብ አስቀድሞ መቃኞ ይቆማል። መቃኞ ታቦቱ ለጊዜው የሚያርፍበት አነስተኛ ቤት ነው። ሕዝቡ ድንጋዩን፣ እንጨቱንና ውሃውን ሲያመላልስ፣ ቅዳሴው በመቃኞው ይቀጥላል፤ ሕፃናት ይጠመቃሉ፤ ለሙታንም ፍትሐት ይደረጋል። ሕንፃው ሲፈጸም ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ወደ መንበሩ ይገባል። እንግዲህ የሥራውን ቅደም ተከተል አስተውሉ፤ መቃኞ ይቀድማል፣ ማፍረስ ይከተላል።

ይሁን እንጂ የመንዝ አባቶች መዝጋትንም ያውቁ ነበር። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚበቅልበት የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል። ሣሩ እንዲያገግም ምድሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት፣ ከአጨዳና ከግጦሽ ይከለከል ነበር። ጊዜው ሲደርስ የሕዝቡ ሹማምንት መክረው ይከፍቱት ነበር። የቄሮ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፣ የአካባቢው ሕዝብ ጓሳን የመጠበቅ ልማዱን በሌላ መልክ ይዞ ቆይቷል።

ስለዚህ ለክዳን የሚሆነው ሣር ተዘግቶ ይታደሳል፤ ሣሩ የሚከድነው ቤት ግን አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ይታደሳል። የመዝጋትና ያለመዝጋት ፍርድ የሚገኘው ከነገሩ ጠባይ ነው። ሣር ሰው ካልራቀለት አያድግም፤ ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ግን ሰው ከራቀው ጥቅሙ ይቀራል።

መዝጋት ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። «ሳማሪቴን» የተባለው ሌላው የፓሪስ መደብር ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ሆኖ በመገኘቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ2021 ነው። የሰው ሕይወት ከሽያጭ ይበልጣልና መዘጋቱ አያስነቅፍም። ነገር ግን አሥራ ስድስት ዓመት ረጅም ዘመን ነው፤ በዚያ ደጅ መግባት የለመደ ደንበኛ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ደጅ መልመዱ አይቀርም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ልብ ብትሉት መልካም ነው። ሕንፃ በሚታደስበት ጊዜ ባለጉዳዩ «እድሳት ላይ ነን፣ ሌላ ጊዜ ተመለስ» ተብሎ ሲሸኝ የእድሳቱን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው። ከገጠር ስንቁን ይዞ የመጣ ሰው መዝገቡ ወደ የትኛው ክፍል እንደ ተዛወረ የሚነግረው ካላገኘ፣ የግንቡ ማማር ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት መዝገቡ የሚያርፍበት፣ ጸሐፊው የሚቀመጥበትና ባለጉዳዩ የሚቆምበት ስፍራ ይዘጋጅ። መዝጋት ግድ ከሆነም ደጁ የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይነገር። ስሙ ምንም ይባል፣ ይህ የመሥሪያ ቤቱ መቃኞ ነው።